ስለ ዕውቀት በርና ስለ በረኛው

ዕውቀት እንደ ምንጭ ውኃ ናት፤ ለሚቀዳት ሁሉ ትቀዳለች እንጂ የቀጂውን ወገንና ፆታ አትጠይቅም ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማ ነበር። አስተማሪም ከሆንሁ በኋላ ይህንኑ ለተማሪዎቼ ደጋግሜ ነግሬአቸዋለሁ። አነጋገሩ እውነት ነው። ዳሩ ግን ወደ ምንጩ የሚያደርስ መንገድ አለ፤ በመንገዱም ላይ አጥር አለ፤ አጥሩም በር፣ በሩም በረኛ አለው። ምንጩ ባይጠይቅም በረኛው ይጠይቃል። እኔ በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች አርባ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ የሳይንስ መምህር ሆኜ ስኖር፣ በረኛ መሆኔን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የሁለት ሴቶች ልጆችን ነገር አነሣለሁ። አንደኛዋ በዓለም የታወቀች ሊቅ ናት፤ ስሟንም እጠራለሁ። ሁለተኛዋን ግን ከእኔና ከዘመዶቿ በቀር የሚያውቃት የለም፤ ስሟንም አልጠራም። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍሁት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ነገሩን ከከተማችን ልጀምር። ጭሮ፣ በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ፣ በገበያና በመንገድ መገናኛ ምክንያት ብቻ የበቀለች ከተማ አይደለችም፤ ታስባ የተቆረቆረች ናት፤ ስሟም ይህንኑ ይናገራል። በ1920ዎቹ ዓመታት፣ በሩሲያ አገር የተማሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጨርጨር ገዥ በነበሩበት ጊዜ ቆረቆሯት። ከእርሳቸው በኋላም ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ያንኑ ግዛት አስተዳደሩ። እኒህ ሰው በመቅደላ ጦርነት ጊዜ ገና ሕፃን ሳሉ በእንግሊዝ ጦር መኮንን እጅ ወደ ህንድ ተወስደው፣ በዚያ የሕክምናን ትምህርት የጨረሱ፣ ከኢትዮጵያውያን መካከል በዘመናዊ ሕክምና የመጀመሪያው ሐኪም ናቸው። ጨርጨርም ለሌሎች ግዛቶች ምሳሌ እንዲሆን የታሰበ አገር ነበረ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ይህን ልብ አድርግ። ከተማችንን ያቆሟት ሰዎች የተማሩና የሠለጠኑ ነበሩ። እንዲህም ሆኖ ከዚያ በኋላ በነበሩት ብዙ ዓመታት፣ ከገጠር ወደ ትምህርት ቤቶቻችን ይመጡ ከነበሩት ልጆች መካከል ሴቶቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ምሳሌ የሚሆን ከተማ ማቆም በአንድ ትውልድ ይቻላል፤ ምሳሌ የሚሆን ልማድ ማቆም ግን ከዚያ የበለጠ ጊዜና ድካም ይጠይቃል።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዋሽና በሚኤሶ በኩል ወደ ዓለማያ የሚጓዝ መንገደኛ በከተማችን ያልፋል፤ ከዚያም የጨርጨርን ተራራ ይዞ ሒርናን፣ ጨለንቆንና ቁልቢን እያለፈ ይዘልቃል። በዚያ መንገድ ዳር ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ሻንጣቸውን በመኪና ጣራ ላይ ጭነው ወደ እርሻ ኮሌጅ የሚሄዱ ወጣቶች በከተማችን ሻይ ጠጥተው ያልፉ ነበር። ኮሌጁ የተጀመረው ኢትዮጵያና አሜሪካ በ1952 ባደረጉት ስምምነት በኦክላሆማ መምህራን ረዳትነት ነው፤ በ1958 በንጉሠ ነገሥቱ ተመርቆ ተከፈተ፤ በ1985 ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ዛሬም የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ይባላል። ወደዚያ ይሄዱ የነበሩት ወጣቶች እጅግ የሚበዙት ወንዶች ነበሩ።

በ1970ዎቹ ዓመታት በዚያ ኮሌጅ ከተማሩት ጥቂት ሴቶች አንዷ ሰገነት ቀለሙ ነበሩ። የተወለዱት በ1957 በጎጃም፣ በፍኖተ ሰላም ነው። ወላጆቻቸው ገበሬዎች ስለ ነበሩ የልጅነታቸው ወራት ያለፈው እንደ ማንኛዋም የገጠር ልጅ ነው፤ አረም ማረም፣ እንጨት መልቀም፣ ውኃ ከሩቅ መቅዳት፣ እህል ተሸክሞ ወደ ገበያ መውጣት። በዚያ አገር ሴት ልጅ ገና በልጅነቷ ትዳር ነበር። እርሳቸው ከዚህ ያመለጡበትን ምክንያት ኋላ ሲናገሩ፣ እምቢተኛ ልጅ ስለ ነበርሁ ሊድረኝ የደፈረ ሰው አልነበረም የሚል ቃል ሰጥተዋል። ከዚያ አውራጃ ወደ ዩኒቨርሲቲ የገቡት የመጀመሪያዋ ሴትም እርሳቸው ናቸው። ዓለማያ በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ስለ ነበረ፣ በዚያ የእርሻን ትምህርት ተከታትለው በ1979 የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። በ1985 በአሜሪካ በሞንታና፣ በ1989 ደግሞ በካንሳስ የዕፅዋትን ሕመም የሚመረምረውን ትምህርት እስከ ዶክተርነት ድረስ ጨረሱ። ከዚያም በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጥቂት ዓመት ከመረመሩ በኋላ፣ ከ1992 ጀምሮ በደቡብ አሜሪካ በኮሎምቢያ አገር፣ የሞቃት አገሮችን እርሻ በሚያጠናው ዓለም አቀፍ ማዕከል ውስጥ አሥራ አምስት ዓመት ሠሩ።

የመረመሩትም ነገር ሊታወቅ የሚገባው ነው። ብራቻሪያ የሚባል ሣር አለ፤ ትውልዱ አፍሪካ ነው። ይህ ሣር ወደ ደቡብ አሜሪካ ተወስዶ ከብት የሚሰማራበት ሰፊ መስክ ሆነ። ዶክተር ሰገነትና ባልደረቦቻቸው በሣሩ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ፈንገሶች ተሸሽገው እንደሚኖሩ፣ እነዚህም ሣሩን ሳይጎዱ ከበሽታና ከድርቅ እንዲጠበቅ እንደሚረዱት መረመሩ። እኛ ሣር ብለን የምንረግጠው ነገር በውስጡ ረዳት ይዞ ይኖራል ማለት ነው። በ2014 ሎሬያልና ዩኔስኮ በየዓመቱ ከዓለም ክፍሎች መርጠው ለአምስት ሴቶች ሳይንቲስቶች የሚሰጡትን ሽልማት ለአፍሪካና ለዐረብ አገሮች ድርሻ የተቀበሉት በዚህ ሥራቸው ነው።

ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ታሪክ ሲሰማ ደስ ይለውና፣ «እነሆ፣ የፈለገች ሴት ትደርሳለች» ብሎ ይደመድማል። እኔም ቀድሞ እንዲሁ እል ነበር። አሁን ግን ይህ አባባል ያሳፍረኛል። ምክንያቱም በዚያ ታሪክ ውስጥ አንድ ቃል አለ፤ እርሱም እምቢተኝነት ነው። አንዲት ልጅ ለመማር የግድ እምቢተኛ መሆን ካለባት፣ የዋሂቱና ታዛዧ ልጅስ ምን ትሁን? ወንድሟ የአባቱን ቃል እየፈጸመ፣ እየተመረቀና እየተመሰገነ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ እርሷ ግን ወደዚያው ቦታ ለመድረስ አባቷን ማሳዘን ግድ ይሆንባታል። አጥር ጥሶ ለሚያልፍ ብቻ የሚሆን መግቢያ በር አይባልም፤ ሽንቁር ነው። በሽንቁር ያለፈውን ሰው ማመስገን ይገባል፤ ነገር ግን ሽንቁሩን አሳይቶ «በር አለ» ማለት ሐሰት ነው።

ይህን ያስተማረችኝ ሁለተኛዋ ልጅ ናት።

በ1983 ከምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች በአንዱ አስተምር ነበር። ትምህርት ቤታችን ማይክሮስኮፕ የተባለው ማጉያ መነጽር አንድ ብቻ ነበረው። ክፍሉ ሰፊ፣ ጊዜው አጭር ስለ ነበረ፣ ሁሉም ሊያይ አይችልም ብዬ አንድ ሥርዓት አወጣሁ፤ ጎበዝ የምላቸው አምስት ወንዶች ልጆች በፊት ያያሉ፤ ያዩትንም በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይሥላሉ። የቀሩት ከሥዕሉ ይገለብጣሉ። ከሴቶቹ አንዷ ደግሞ እጇ ቀስ ያለ ስለ ሆነ ትምህርቱ ሲያበቃ መነጽሩን በጨርቅ ወልውላ ወደ ሣጥኑ ትመልሳለች። ይህን ሳደርግ ክፉ ያደረግሁ አልመሰለኝም፤ እንዲያውም ለልጅቱ አደራ ሰጥቼ ያከበርኋት ይመስለኝ ነበር።

ይህች ልጅ ከከተማው ውጭ ካለ የገጠር ቀበሌ በእግሯ እየተመላለሰች የምትማር ነበረች። በቤቷ የሚነገረው ኦሮምኛ ነው፤ የምትማረው ግን በአማርኛ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ሌላ ምርጫ አልነበረም። ስለዚህ በፊቷ አንድ ሳይሆን ሁለት አጥር ነበረ። እጇን አውጥታ ስትናገር ቃል ሲያጥራት ወንዶቹ ይስቁ ነበር፤ እኔም ዝም በሉ ከማለት በቀር ምንም አልሠራሁም። ወዲያው መናገር ተወች።

አንድ ቀን ግን ትምህርቱ ካለቀ በኋላ የደረቀ የማሽላ አገዳ ይዛ መጣች። አገዳውን ሰንጥቃ በውስጡ የተኛ ትል አሳየችኝና፣ «መምህር፣ ይህ ትል በክረምት ማሽላውን ይበላል። በጋ ሲሆን የሞተ መስሎኝ ነበር። ግን በተከመረው አገዳ ውስጥ በሕይወት አገኘሁት። ምን ይጠብቃል?» አለችኝ። እኔም፣ «ይህ በፈተና አይመጣም፤ ይልቅስ ማስታወሻሽን አጥኚ» ብዬ መለስሁላት። አገዳውን በመስኮት ወረወርሁት።

አንባቢ ሆይ፣ ያ ጥያቄ ምን ያህል ትልቅ እንደ ነበረ ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። አገዳ ቆርቁር የሚባለው ተባይ የበጋውን ወራት በደረቀ አገዳ ውስጥ እንቅልፍ ወስዶት ያሳልፋል፤ ዝናብ ሲመለስ ነቅቶ ቢራቢሮ ይሆንና በአዲሱ ቡቃያ ላይ እንቁላሉን ይጥላል። ይህን ያጠኑ ተመራማሪዎች፣ አገዳውን አቁሞ ከመከመር ይልቅ በፀሐይ አጋድሞ ማስጣት ብዙውን ትል እንደሚገድል ለገበሬው አስተምረዋል። ልጅቱ በዓይኗ አይታ የጠየቀችው ይህንኑ ነበር። ሊቃውንት የደከሙበት ጥያቄ በእጄ ገብቶ ሳለ በመስኮት ጣልሁት።

በዚያው ዓመት መጨረሻ አባቷ ወደ ትምህርት ቤት መጡ። ጨዋና ትሑት ሰው ናቸው። ልጃቸውን የሚጠይቅ ሰው መምጣቱን ነግረውኝ፣ «እርስዎ አስተማሪዋ ነዎት፤ ትምህርቱ ይሆናት ይሆን? ወይስ ብትዳር ይሻላል?» ብለው ጠየቁኝ። የመጡት ምክር ፈልገው ነበር። ትማር ብላቸው ይሰሙኝ እንደ ነበር ከፊታቸው ይታየኝ ነበር። እኔ ግን በሰው ቤት ጉዳይ መግባት ነውር መሰለኝና፣ «እርስዎ ያውቃሉ፤ ፈቃዱ የእርስዎ ነው» አልኋቸው። በመስከረም መነጽሩን የሚወለውል ሌላ ልጅ ፈለግሁ።

ይህ የሆነው ሰገነት ቀለሙ ከዓለማያ በተመረቁ በአራተኛው ዓመት ነው። አንዷ የጎጃም ልጅ በደጃችን በሚያልፈው መንገድ ወደሚደረስበት ኮሌጅ ሄዳ ተመርቃለች፤ ሌላዪቱ በመንገዱ ዳር ተወልዳ ከመንገዱ ቀረች። በሁለቱ መካከል የአእምሮ ልዩነት ነበረ ብዬ አልናገርም። የነበረው ልዩነት አንዷ እምቢ ማለቷ፣ ሌላዪቱ ደግሞ እሺ ማለቷ፣ ከሁሉም ይልቅ የእኔ ዝምታ ነበረ።

አሁን አንድ ሰው ተነሥቶ እንዲህ ሊል ይችላል፤ «በዓለም ላይ ማን መረመረው ተብሎ አይጠየቅም፤ ነገሩ መመርመሩ ብቻ ይበቃል። ሴት ብትመረምረው፣ ወንድ ቢመረምረው፣ የከተማ ልጅ ወይም የቆላ ልጅ ቢመረምረው፣ ትሉ ያው ትል ነው።» ይህ አሳብ ፍትሕ ይመስላል፤ ነገር ግን ጉድለት አለበት። ትሉ ያው ትል ቢሆንም፣ ስለ ትሉ የሚጠየቀው ጥያቄ ግን ያው አይደለም። በሐረርጌ ማሽላ ውስጥ ጎንበስ ብላ አረም የምታርመው፣ አገዳውን ለማገዶና ለከብት መኖ የምትሸከመው፣ ከፈንዲሻውና ከሙይራው መርጣ ዘር የምታስቀምጠው ብዙውን ጊዜ ሴቲቱ ናት። የማሽላን ነገር በቅርብ የምታየው ዓይን ከምርመራ ቤት ከተከለከለች፣ ምርመራው ራሱ በአንድ ዓይኑ ያያል። ስለዚህ ሴቶችንና ከዳር የቀሩትን ሁሉ ወደ ሳይንስ ማስገባት ምጽዋት አይደለም። ያልገቡት ብቻ አይጎዱም፤ ትምህርቱም ይጎዳል፤ ማሽላውም ይጎዳል።

ወደ ዶክተር ሰገነት ታሪክ እመለሳለሁ። እስከ አሁን የተናገርሁት እንዴት እንደ ገቡ ነው፤ ከገቡ በኋላ ያደረጉት ግን ለእኔ የበለጠ ነው። ብዙ ሰው ችግርን አልፎ ከከፍታ ሲደርስ፣ ያለፈበትን በር መለስ ብሎ አያይም። እንዲያውም ብቸኛ መሆኑ ያኮራዋል። እርሳቸው ግን በ2007 በኮሎምቢያ ከያዙት ሥራ ተነሥተው ወደ አፍሪካ ተመለሱ፤ በናይሮቢ የምሥራቅና የማዕከላዊ አፍሪካ የባዮሳይንስ ማዕከል ዲሬክተር ሆኑ። የዚያ ማዕከል አሳብ ቀላል ነው፤ በየአገሩ ውድ የምርመራ መሣሪያ ለመግዛት ካልተቻለ፣ አንድ የተሟላ ምርመራ ቤት አቁሞ ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች የሚመጡ ተመራማሪዎችና ተማሪዎች ሁሉ እንዲሠሩበት ማድረግ ነው። አንዱ መነጽር ለአምስት ሰዎች ብቻ እንዳይሆን ሥርዓት ማውጣት ማለት ነው። እኔ በአንድ መነጽር ያደረግሁትንና እርሳቸው ያደረጉትን ባስተያየሁ ጊዜ የሁለታችን ልዩነት ታየኝ።

ከ2013 እስከ 2023 ደግሞ ኢሲፔ የተባለውን፣ መቀመጫው በናይሮቢ የሆነውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል መሩ። ይህን ማዕከል በ1970 ያቋቋሙት ኬንያዊው ሊቅ ቶማስ ኦዲያምቦ ናቸው። የአፍሪካን ተባይ የሚያጠኑ አፍሪካውያን ሊቃውንት በአፍሪካ ምድር መሠልጠን አለባቸው የሚለው እምነታቸው ነበረ ለዚህ ያበቃቸው። ማዕከሉ ከ1983 ጀምሮ ከአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆኖ በነፍሳት ጥናት ዶክተሮችን ሲያሠለጥን ቆይቷል። በዶክተር ሰገነት ጊዜ፣ በ2018፣ የአፍሪካ መንግሥታት ተባብረው ለዶክትሬት ተማሪዎች ያቋቋሙትን የድጋፍ ገንዘብ የማስተዳደር አደራ ለዚሁ ማዕከል ተሰጠ። በአገራችንም ማዕከሉ ሥራ የሌላቸው ወጣቶች፣ ሴቶችም ወንዶችም፣ በንብና በሐር ትል እርባታ ራሳቸውን እንዲችሉ ከ2016 ጀምሮ ሥራ አቋቁሟል።

ለእኛ ለማሽላ አገር ሰዎች ግን ከማዕከሉ ሥራዎች ይልቅ የሚቀርበን ሌላ ነው። በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር፣ በምቢታ፣ ከእርሳቸው በፊት በ1990ዎቹ ከእንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች ጋር የተጀመረ አንድ የአዘራር ዘዴ አለ። በበቆሎው ወይም በማሽላው መካከል ዴስሞዲየም የተባለ የመኖ ተክል ይዘራል፤ ሽታው የአገዳ ቆርቁርን ቢራቢሮ ያባርራል፤ ከሥሩ የሚወጣው ንጥረ ነገርም አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም ሥር ሳይሰድ ያጠፋዋል። በማሳው ዙሪያ ደግሞ ቢራቢሮዋን ወደ ራሱ የሚስብ ሣር ይተከላል። ድርቅ ለሚበዛበት አገር ከተመረጡት የዙሪያ ሣሮች አንዱ ያው ብራቻሪያ ነው፤ ከአፍሪካ ወጥቶ፣ በውጭ ተሻሽሎ፣ ወደ አፍሪካ የተመለሰ ሣር። የሊቂቱም መንገድ እንዲሁ ነበረ። ያቺ ልጅ በመስኮት ለጣልሁባት ጥያቄ ከመልሶቹ አንዱ በዚህ መንገድ ተገኝቷል።

ይህ የአንዲት ሴት ታሪክ ብቻ እንዳይመስል ሌላም ልጨምር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1950 ኮሌጅ ሆኖ ተጀመረ። በዚያ ዩኒቨርሲቲ የፕሮፌሰርነት ማዕረግ የተሰጣት የመጀመሪያዋ ሴት በ2009 ተገኘች፤ እርሳቸውም የሥነ ሕይወት ሊቅ የሆኑት የዓለምፀሐይ መኮንን ናቸው። በጀርመን አገር በሃይደልበርግ ተምረው፣ የተባይ መድኃኒት በእርሻ ሠራተኞች ጤና ላይ የሚያደርሰውን ጉዳትና እንደ ሽፈራው ያሉትን የአገራችን ዕፅዋት የመድኃኒትነት ኃይል መርምረዋል። ከመጀመሪያው ክፍል እስከ መጀመሪያዋ ሴት ፕሮፌሰር 59 ዓመት አለፈ ማለት ነው። ዩኔስኮ በ2013 ዘመን ባወጣው ቁጥር፣ በኢትዮጵያ ከመቶ ተመራማሪዎች መካከል ሴቶቹ 13 ያህል ነበሩ፤ በዓለምም ቢሆን የሴቶቹ ድርሻ ሦስተኛ እጅ ያህል ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ዘመን በሕግ ተከልክሎ አይደለም። ሴት አትመርምር የሚል ሕግ በአገራችን አልወጣም። የከለከለው እንደኔ ያለ ብዙ ትንሽ በረኛ ነው፤ «እርስዎ ያውቃሉ» የሚል፣ «በፈተና አይመጣም» የሚል፣ «አንቺ ወልውዪ» የሚል።

የዚያችን ልጅ ነገር ልፈጽም። ከትምህርት ቤት ከወጣች ከብዙ ዓመት በኋላ በጭሮ ገበያ ድንች ስትሸጥ አገኘኋት። እኔ አላወቅኋትም፤ እርሷ ግን ተነሥታ፣ እጄን በሁለት እጇ ይዛ ሰላምታ ሰጠችኝ። በአጠገቧ የምትረዳት ልጇ ተቀምጣለች። ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ ተጨዋወትን። ከዚያም በቁጣ ሳይሆን በፈገግታ፣ «መምህር፣ ያን መነጽር አሁንም የምትወለውለው ሴት ልጅ ናት ወይ?» አለችኝ። ምን ልመልስላት? እውነቱ አዎን ነበረ። ዓመታት አልፈው፣ መንግሥት ተለውጦ፣ ከ1991 በኋላ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው መማር ጀምረው ሳለ፣ እኔ ያወጣሁት ትንሽ ሥርዓት ግን በክፍሌ ውስጥ እንደ ነበረ ነበረ። «አዎን» አልኋት። ራሷን ነቅንቃ ዝም አለች። ከዚያም ድንቹን መዝና፣ ገንዘቤንም አልቀበልም አለችኝ። እየለመንሁ ሰጥቻት ሄድሁ።

በማግሥቱ በክፍሌ አዲስ ሥርዓት አወጣሁ፤ መነጽሩን የወለወለ በፊት ያያል፤ ወልዋዩም በየተራ ሁሉም ተማሪ ነው፤ ከሴቶቹም ይጀመራል። ይህ ነገር ትንሽ ነው፤ በጋዜጣ የሚወጣ አይደለም። ነገር ግን በዚያው ዓመት እስከዚያ ጊዜ ድምፃቸውን ሰምቼው የማላውቅ ልጆች ጥያቄ ሲጠይቁ ሰማሁ። ከቤታቸው አገዳ፣ የቡና ቅጠል፣ የታመመ ድንች ይዘው ይመጡ ጀመር። በመስኮት ግን አንዱንም አልጣልሁም። የማላውቀውን አላውቅም እያልሁ፣ አብረን ሰንጥቀን እናይ ነበር።

እኔ ዛሬ ከሥራ ወጥቻለሁ። በከተማችን የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ተቋቁሟል፤ ስሙን የወሰደው የኢቱ ኦሮሞ አባቶች ከዛፉ ሥር ተሰብስበው ሕግ ይደነግጉበት ከነበረው ስፍራ ነው። አንዳንድ ቀን ጠዋት በመንገድ ዳር ተቀምጬ መጽሐፍ የያዙ ሴቶች ልጆች ሲያልፉ አያለሁ። ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን ደስታዬ ሙሉ አይደለም። ከእነርሱ መካከል በዕድሜዋ ልትማር ሲገባት ያልተማረች አንዲት ሴት እንደምትጎድል አውቃለሁና።

ስለዚህ ለአባቶችና ለእናቶች የምለው ይህ ነው፤ ልጃችሁ እምቢ እስክትላችሁ አትጠብቁ፤ ታዛዧም ልጅ የምትማርበት ቤት ይኑራችሁ። ለመምህራን ወንድሞቼና እኅቶቼም የምለው፤ ምክር የሚሻ ወላጅ ወደ እናንተ ሲመጣ «እርስዎ ያውቃሉ» አትበሉ፤ የምታውቁትን ንገሩት። ደግሞም በክፍላችሁ ማን እንደሚያይና ማን እንደሚወለውል አንድ ቀን ቆጥራችሁ እዩ። ተምረው ከፍ ካለ ስፍራ ለደረሱት ደግሞ የዶክተር ሰገነት ሥራ ይበቃል፤ ፊተኛ መሆን ክብር ነው፤ እያወቁ ብቸኛ ሆኖ መቅረት ግን ነቀፋ ነው።

በአገራችን «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚባል ተረት ነበረ፤ ዛሬም በአንዳንድ አፍ ይሰማል። ያን ተረት እኔ በአፌ ተናግሬው አላውቅም። በሥራዬ ግን ለሃያ ዓመት ያህል ስፈጽመው ኖርሁ። አንባቢ ሆይ፣ አንተም ተረቱን ባትናገረው አይበቃህም፤ በእጅህ ያለውን በር እይ።